ማንዋል ፌራሪ 360 ሞዴና ስትገዙ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ታይትሉ

የሽያጭ ፎቶው ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የማርሽ ዘንጉ ነው። ከላዩ የአሉሚኒየም ኳስ፣ ከሥሩ ለስድስቱ ማርሽና ለኋላ ማርሽ መንገድ የተቆረጠለት የሚያብለጨልጭ የብረት ሳህን። ሻጩ ከሞተሩም ከቀለሙም በፊት እሱን አስጠግቶ ያነሳው በከንቱ አይደለም። ያው 360 ሞዴና፣ ያው ዓመት፣ ያው ማይል ሆኖ፣ ሦስት ፔዳል ያለው፣ ማለትም ማንዋሉ፣ ባለ ሁለት ፔዳሉን በዋጋ ጥሎት ይሄዳል።

ይህ የሆነበት ታሪክ አጭር ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፌራሪ ከመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት ፓድሎች የሚቀየረውን፣ ኤፍ ዋን የተባለውን ካምቢዮ በ1997 በኤፍ 355 ላይ አመጣው። 360 በ1999 ጄኔቫ ላይ ሲቀርብ ገዢው ከሁለቱ እንዲመርጥ ተደረገ፤ አብዛኛው ሰውም አዲሱን ነገር መረጠ። ተከታዩ ኤፍ 430 ሞተሩ ከመሃል ከሆነው የቪ8 ዘር ማንዋል የነበረው የመጨረሻው ሆነ። በ2009 የመጣው 458 የፍሪሲዮን ፔዳል የሚባል ነገር አልነበረውም። ያኔ ፊት የተነሳው ማንዋል ዛሬ ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈላጊ ነገር ሲኖር ደግሞ የሚሠራው አይጠፋም። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ማንዋል 360ዎች አንዳንዶቹ ማራኔሎ ካለው የፌራሪ ፋብሪካ ሲወጡ ኤፍ ዋን ነበሩ። በኋላ ጋራዥ ውስጥ ፔዳል ተጨምሮላቸው፣ ዘንግና ሳህን ተገጥሞላቸው ማንዋል የሆኑ ናቸው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ዙሪያ ይዞራል፦ ለዚያ ዘንግ ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ዘንጉ ከመኪናው ጋር አብሮ ስለ መወለዱ ወረቀት ያዙ። የቀረው የሜካኒክ ሥራ ነው፤ እሱንም በየተራው እናያለን። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ከመኪና ጋር የምውል ሰው ነኝ። በሥራዬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

1. መኪናውን ሳታዩ ወረቀቱን እዩ

ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት የቪን ቁጥሩን፣ ማለትም የመኪናውን መለያ ቁጥር ነው። የፌራሪ ቪን በ«ዜድ ኤፍ ኤፍ» ይጀምራል። ለአሜሪካ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴል ዓመቱን ይነግራችኋል፦ ኤክስ ከሆነ 1999፣ ዋይ ከሆነ 2000፣ 1 ከሆነ 2001፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩን ይዛችሁ ሦስት ቦታ ትሄዳላችሁ። አንደኛ፣ ካርፋክስ ወይም መሰል የታሪክ ሪፖርት። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት) መፈለጊያ፤ በነፃ ነው፣ የቆየ ሪኮልን ግን ላያሳያችሁ ይችላል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ የፌራሪ ወኪል ነው። ወኪሉ በቪን ቁጥሩ መኪናው ሲሠራ ምን እንደተገጠመለት መመልከት ይችላል። «ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ማንዋል ነበር ወይስ ኤፍ ዋን?» ብላችሁ ቁርጥ ያለ መልስ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

ከዚያ የመኪናው የራሱ ወረቀቶች ይመጣሉ። አዲስ ሲሸጥ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ተቀምጦ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ካምቢዮው ምን ዓይነት እንደነበር እዚያው ላይ ተጽፏል። ከሌለ ግን የአገልግሎት ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አንብቡ፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዓመታት። ኤፍ ዋን ካምቢዮ የራሱ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ የራሱ ዘይት፣ የራሱ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ የፍሪሲዮኑን መበላት ስለሚመዘግብ ሜካኒኮች በደረሰኙ ላይ «ፍሪሲዮን ይህን ያህል ከመቶ አልቋል» ብለው ይጽፋሉ። ማንዋሉ እንዲህ ዓይነት ንባብ የለውም። እናም የድሮ ደረሰኝ ላይ የፍሪሲዮን መቶኛ ካያችሁ፣ ያ መኪና ፓድል ይዞ የተወለደ ነው።

ሜሪላንድ ያለ አንድ ወንድማችን ይህን ያወቀው ከገዛ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለኢንሹራንስ ፎቶ ላንሳ ብሎ የመኪናውን መጻሕፍት የያዘውን የቆዳ ቦርሳ ሲያራግፍ፣ ከዋስትና ደብተሩ ጀርባ አራት ላይ የታጠፈ ቢጫ የካርቦን ደረሰኝ ወደቀ። ዘይት፣ ማጣሪያ፣ የመጥረጊያ ጎማ፣ ከሥር ደግሞ በእጅ ጽሑፍ «የኤፍ ዋን ፓምፕ ሪሌይ ተቀይሯል» ይላል። ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? ወረቀቱ ሲገዛም እጁ ላይ ነበር፤ አልገለጠውም እንጂ።

ማንዋል የተደረገ መኪና መጥፎ መኪና ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የሁለቱ ካምቢዮ የውስጥ ዕቃ በአብዛኛው አንድ ስለሆነ፣ ሥራው በደንብ ከተሠራ መኪናው ደስ ይላል። ለመንዳት ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲያውም በቅናሽ ቢያገኘው ብልህ ነው። «ተለውጧል» ብሎ በግልጽ የሚሸጥን ሰው አከብራለሁ። ዋጋው ግን የኤፍ ዋን ዋጋ ሲደመር የሥራው ወጪ ነው እንጂ የኦሪጅናል ማንዋል ዋጋ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። ፌራሪ በ2006 የከፈተው ክላሲኬ የሚባል ክፍል ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በላይ የሆኑ መኪኖችን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር እያመሳከረ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። 360ዎቹ ዕድሜያቸው ለዚህ ደርሷል። ሻጩ ይህ ወረቀት ካለው ግማሹ ጭንቀታችሁ ተቃለለ። ከሌለውም ችግር የለም፤ ብዙዎቹ የላቸውም።

2. ስልኩ

ወረቀቱ ካማራችሁ ደውሉ። ሻጩ ደላላ ከሆነ መልሱ አጭርና የተወለወለ ይሆናል፤ ባለቤቱ ከሆነ ያወራችኋል፤ አውሩት። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ ተቀየረ? («በቅርቡ» የሚባል ቀን የለም፤ ወርና ዓመት ይንገሩኝ።) ማን ቀየረው? ፍሪሲዮኑስ? መኪናው በዓመት ስንት ማይል ይነዳል? ለሚሸጡት ሰው ሲያሳዩ ሞተሩን ቀድመው ያሞቁታል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ እንደ ወሬ ማሳመሪያ ትመስላለች፤ ከሁሉም ግን እሷ ትጠቅመኛለች። «እኔ እስክመጣ እንዳያስነሱት» ብላችሁ ለምኑ። ደርሳችሁ ከኋላ ያለው የሞተሩ ክዳን ሙቅ ከሆነ አንድ የሚደበቅ ድምፅ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሻጩ መኪናው በውጭ ሜካኒክ እንዲመረመር ካልፈቀደ ደግሞ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ። ምንም ቢያምር።

3. አካሉ፦ ማግኔታችሁን ቤት ተዉት

አዲስ አበባ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፦ ባትላሜራ የሠራውን ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይዞ በበሩና በፓራፋንጎው ላይ ማስኬድ። ማግኔቱ ካልያዘ ከሥር ስቱኮ አለ። 360 ላይ ይህን ብታደርጉ ማግኔቱ የትም አይይዝም፤ መኪናው በሙሉ ስቱኮ የሆነ ይመስላችኋል። የመኪናው አጽምም ቆዳም አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። አጽሙን ፌራሪ ከአሜሪካው አልኮዋ ጋር ሆኖ የሠራው ሲሆን፣ 360 ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ የመጀመሪያው የፌራሪ የመንገድ መኪና ነው።

የሚያስፈልጋችሁ በአሉሚኒየም ላይ የሚሠራ የቀለም ውፍረት መለኪያ ነው። ለብረት ብቻ የተሠራው ርካሹ ምንም አያነብላችሁም። ከእያንዳንዱ በር፣ ከኮፈኑ፣ ከጣሪያውና ከኋላ ጎኖቹ አራት አምስት ቦታ ለኩ። አንዱ ቦታ ከሌላው እጥፍ ከሆነ እዚያ ቀለም ተደርቧል። የፊት ፓራውልቱ መቀባቱ አያስደነግጥም፤ መኪናው ዝቅተኛ ነው፣ ጠጠር ይመታዋል፣ የከንፈሩ ሥር መፋፋቁም የተለመደ ነው። የሚያስደነግጠው የኋላ ጎኑና የአጽሙ መገጣጠሚያ ነው። የተጋጨ አሉሚኒየም አጽም እንደ ብረት ተጎትቶ፣ ተቀጥቅጦ አይመለስም፤ ልዩ መደገፊያና ልዩ ብየዳ ይፈልጋል። በዚህ ክፍል ላይ ጥርጣሬ ካደረባችሁ በዋጋ ክርክር አትፍቱት፤ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ጎማውን ስታዩ የጎኑን የመጨረሻ አራት አሃዝ አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2314 የሚል ከሆነ ጎማው በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም እንዲህ ያረጀ ጎማ 400 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና አይሆንም። ቸርኬውም ሲፋቅ የኖረ ከሆነ የባለቤቱን እጅ ይነግራችኋል።

4. ከውስጥ

በሩን ክፈቱና ቁጭ በሉ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አትንኩ።

መጀመሪያ የማርሽ ሳህኑን እዩ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከጎን አብሩበት። ዘንጉ ለሃያ ዓመት ሲገባና ሲወጣ የሳህኑን ከንፈር ይፍቃል፤ በተለይ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሲታለፍ የሚነካው ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ይታያሉ። 40,000 ማይል ነድቷል በተባለ መኪና ላይ ሳህኑ ትናንት ከካርቶን የወጣ ከመሰለ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሳህን ሊቀየር ይችላል። ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ጋር አስተያዩት። ሦስቱም የፔዳል ጎማዎች እኩል ማርጀት አለባቸው፤ ፍሬኑ ተበልቶ ፍሪሲዮኑ አዲስ ከሆነ ነገር አለ። ከመሪው ጀርባም እጃችሁን ስደዱና ፓድል የነበረበት ቦታ የተደፈነ እንደሆነ ዳስሱ።

ቀጥሎ ቁልፎቹን ተጫኑ። የዚያ ዘመን ፌራሪ የውስጥ ፕላስቲክ ለስለስ ባለ ሽፋን የተቀባ ነው፤ ሽፋኑ ከዕድሜ ብዛት ይሟሟና የመስኮቱ ቁልፍ እንደ ማር ጣት ላይ ይጣበቃል። አስቀያሚ ነው እንጂ ከባድ አይደለም፤ አውጥተው አጽድተው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። የዳሽቦርዱ ቆዳ ከመስታወቱ ሥር መሸብሸቡ ግን ወጪው ከፍ ይላል። ፀሐይ ላይ የኖረ መኪና መሆኑንም ይነግራችኋል።

5. ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱ

በኋላ መስታወቱ ሥር ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሞተር 3.6 ሊትር ቪ8 ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት፣ በጠቅላላው 40 ቫልቭ አለው፤ ጉልበቱን በደቂቃ 8,500 ዙር ላይ ያወጣል። ቁልፉን ስታዞሩ መኪናው ውስጥ አትሁኑ። ሻጩ ያስነሳው፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ።

የምታዳምጡት «ጥቅ ጥቅ ጥቅ» የሚል ድምፅ ነው። 360 የጭስ መሰብሰቢያ ቱቦው በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ስንጥቁ ቀዝቃዛ ሳለ ያንኳኳል፤ ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ድምፁ ይጠፋል። ለዚህ ነበር «አታስነሱት» ያልነው። ጉዳቱ በድምፅ አያበቃም፤ በቱቦው አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ሲሰባበር ብናኙ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል፤ ያ ከሆነ የምትገዙት መኪና ሳይሆን የሞተር እድሳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ላይ ደግሞ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚለውጠው የካምሻፍት ቫርያተር በሪኮል ተጠርቶ ነበር፤ ለዚያ መኪና መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት ይኑር።

አሁን ወደ ቺንጋው። ሁለት የታይሚንግ ቺንጋዎች አሉ። ፌራሪ በየሦስት ዓመቱ እንዲቀየሩ ይመክራል፤ ማይሉ ባይሞላም። ባለ 2,000 ማይል መኪና ላይ ያለ የስምንት ዓመት ቺንጋ ከብዙ ማይል በላይ ያስፈራኛል፤ ጎማ ቆሞም ያረጃልና። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ደግነቱ 360 ከወንድሙ ከኤፍ 355 በዚህ ይሻላል። 355 ላይ ቺንጋ ለመቀየር ሞተሩ ከነካምቢዮው ከመኪናው ይወርዳል፤ 360 ላይ ግን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያለው መዝጊያ ተፈትቶ ከዚያ ይሠራል። ደረሰኙ ላይ ቺንጋው ብቻ ሳይሆን የመወጠሪያዎቹ ኩሽኔታም አብሮ መቀየሩን አረጋግጡ። አሮጌ ኩሽኔታ ላይ አዲስ ቺንጋ የሚጭን ሰው ሌላም ነገር ዘሏል።

ዘይቱን ለማየት ሻጩ ሞተሩን አጥፍቶ ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) ከሳበ መኪናውን አያውቀውም ማለት ነው። ዘይቱ ለብቻው ታንክ ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ ነው።

(እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ጊዜ የዚህን መኪና የጣሊያንኛ መለዋወጫ ዝርዝር ሳይ ሳቄ መጣ። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፤ አባቴ ጎረቤት የነበረው ሜካኒክ ቀኑን ሙሉ የሚጮኻቸው ቃላት ሁሉ በትንሽ ልዩነት ተደርድረዋል። አሜሪካዊው የሥራ ባልደረባዬ በስልኩ ሲተረጉም እኔ ግማሹን አንብቤ ጨርሼ ነበር።)

6. መንዳት

አብዛኛው አሜሪካዊ ገዢ የሚፈራው ደረጃ ይህ ነው፤ አዲስ አበባ በላዳ ወይም በሚኒባስ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሰው ግን የለመደው ነው። እጅ አይረሳም። ሆኖም የብረት ሳህኑ ከለመድነው ይለያል፤ ዘንጉን ወደ ጎን አትግፉት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ምሩት፣ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። በትክክል ሲገባ «ክላክ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ነው የሚገዛው።

ቀዝቃዛ ሳለ 2ኛ ማርሽ እንቢ ቢላችሁ አትደንግጡ። የካምቢዮ ዘይት እስኪሞቅ 2ኛ ማርሽ ማስቸገሩ የፌራሪ የቆየ ጠባይ ነው፤ የለመዱ ሰዎች ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ1ኛ ወደ 3ኛ ይዘላሉ። እናንተም እንዲሁ አድርጉና ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 2ኛ ተመለሱ። ያን ጊዜም ከተንጫጨ ወይም ከገባ በኋላ ጋዝ ስትለቁ ተመልሶ ከወጣ፣ ማርሾቹን የሚያስማማው የውስጥ ሲንክሮናይዘር ተበልቷል፤ ካምቢዮ ይወርዳል ማለት ነው።

ፍሪሲዮኑን የምትፈትኑት ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። በ4ኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ጋዙን እስከ መጨረሻው ርገጡ። የዙር መቁጠሪያው ዘሎ ፍጥነቱ ወደ ኋላ ከቀረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ፔዳሉ ጫፍ ላይ ደርሶ ብቻ የሚይዝ ከሆነም ቀሪ ዕድሜው አጭር ነው። ከዚያ መስኮቱን ክፈቱና ቀስ ብላችሁ ጉብታ ላይ እለፉ፤ ከፊት «ኪይክ» የሚል ድምፅ ከመጣ ቦል ጆይንት (የጎማው እግር መገጣጠሚያ) ነው። ይህ የተለመደ ስለሆነ ለዋጋ መቀነሻ ይመቻል እንጂ መኪናውን አያስጥልም።

ሻጩ አጠገባችሁ ተቀምጦ ስለ ድምፁ ሲያወራችሁ በጨዋ ደንብ ዝም አሰኙት።

7. የባለሙያ ምርመራ

እስካሁን የመረመራችሁት በራሳችሁ ዓይንና ጆሮ ነው። ቼክ ከመጻፋችሁ በፊት መኪናውን ፌራሪ ለሚሠራ፣ ከሻጩ ጋር ምንም ጉዳይ ለሌለው ሜካኒክ ውሰዱት፤ ገንዘቡንም ራሳችሁ ክፈሉ። መኪናው ሌላ ስቴት ካለ እዚያው አካባቢ ፈልጉ። ሲመረምር የሚከተለውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

የሥር መሸፈኛ ሰሌዳዎቹ በሙሉ ይውረዱ። 360 ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለተሸፈነ ዘይት ቢያንጠባጥብም መሬት ላይ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ፤ ሰሌዳው ይዞት ይቀራል። ሰሌዳውን ሳያወርድ «ፍሳሽ የለም» ብሎ የሚጽፍ ሜካኒክ አልመረመረም። ካንዴላዎቹ ወጥተው በስምንቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ በቀዳዳው አየር ተነፍቶ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥም ይታይ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የቁጥሮቹን መቀራረብ ነው የማየው። ሰባቱ ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ከወረደ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጉድ አለ። ከካምቢዮው ትንሽ ዘይት ወጥቶ የብረት ብናኝ መያዝ አለመያዙ ይታይ። በመጨረሻም ማንዋል ተደርጎ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት፤ የኤፍ ዋን ፓምፕ መቀመጫ፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ ባዶ የቀረ የቱቦ ማሰሪያ ለሚያውቅ ሰው ይታያል።

ምርመራው ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሻጩ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ይላችኋል፤ ይምጣ።

8. ዋጋና ገንዘብ

ከጠየቀው ዋጋ ላይ ተነሥታችሁ አትከራከሩ። መጀመሪያ መኪናው በሚቀጥለው አንድ ዓመት የሚፈልገውን ጻፉ፦ ቺንጋ፣ ጎማ፣ ቦል ጆይንት፣ የሚጣበቁ ቁልፎች፣ ካለም የጭስ ቱቦ። ለእያንዳንዱ ከመርማሪው ሜካኒክ የዋጋ ግምት ተቀበሉ። ወረቀቱን ሻጩ ፊት አስቀምጡትና እሱ ይቀንስ። በመከራከር እኛ ሐበሾች አንታማም፤ እዚህ አገር ግን በወረቀት የታገዘ ክርክር ይሰማል።

ክፍያው ከባንክ ወደ ባንክ ወይም በታወቀ የአደራ አገልግሎት በኩል ይሁን። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር፣ ቪኑም በታይትሉ፣ በዳሽቦርዱና በአካሉ ላይ አንድ መሆኑን ራሳችሁ ተመልከቱ። ባንክ ዕዳ ያለበት ከሆነ ዕዳው መከፈሉን የሚያሳይ ደብዳቤ ሳይደርሳችሁ ገንዘብ አይለቀቅ። ታይትሉ ላይ «ሳልቬጅ» (በከባድ ጉዳት ከጥቅም ውጭ ተብሎ የነበረ) የሚል ቃል ካለ ይህን ሁሉ ደረጃ መውጣታችሁ በከንቱ ነበር፤ ለዚህ ነው ወረቀቱን ከመጀመሪያ ያደረግነው።

ኢንሹራንሱ የተለመደው አይሁን። ተራው ውል መኪናው ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል የዕለቱን የገበያ ግምት ይከፍላል፤ ግምቱን የሚያወጣው ሰው ማንዋልና ኤፍ ዋን ልዩነታቸውን ላያውቅ ይችላል። ለሰብሳቢዎች የሚሸጠው ውል ከመጀመሪያው ዋጋ ተስማምታችሁ የምትፈርሙበት ነው። የፋብሪካ ማንዋል መሆኑን ያረጋገጣችሁበት ኢሜይል እዚህም ያገለግላል።

አውሮፓ ያለ መኪና ዓይናችሁን ከሳበው፦ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና የአሜሪካን የደህንነት መስፈርት ሳያሟላ መግባት የሚችለው ከተሠራበት ወር ጀምሮ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ የሞዴሉን ዓመት ሳይሆን የተሠራበትን ወር ጠይቁ። «ወደ አዲስ አበባ ብወስደውስ?» የምትሉም አትጠፉም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ባይከለከልም ያ ሆድ በየትኛው ኮብልስቶን ላይ እንደሚያልፍ አላውቅም።

9. ቤት ከገባ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ዘይት ቀይሩ። ቺንጋው ቀኑ ያልታወቀ ከሆነ ሳይቀየር አትንዱት፤ በጭነት መኪና አስጭናችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት። የማትነዱት ከሆነ ባትሪውን በቻርጀር ላይ አቆዩ። በየጊዜው ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ፤ አይጠቅመውም። ወይ ዘይቱ እስኪሞቅ ንዱት፣ ወይ አታስነሱት። ጋራዣችሁ መግቢያው ገደላማ ከሆነ በሰያፍ ግቡ፤ አፍንጫው እንዳይፋቅ።

ከተማ ስትወጡ ቁልፉን ለፓርኪንግ ሠራተኛ ከሰጣችሁ ማንዋል መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ራሴ ዲሲ መሃል ጋራዥ ውስጥ ስሠራ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ሌሎቹ ወደ ኋላ ይሉና እኔን ይጠሩኝ ነበር፤ ላዳ ላይ ነበርና የተማርኩት። ቁልፉን የሚቀበላችሁ ልጅ በአማርኛ ሰላም ካላችሁ ምናልባት እሱም እንደኔ ነው። ካልሆነ ግን ራሳችሁ አቁሙት።